የቡሄ ሙልሙልና ከማኅበሩ ተለይቶ የሚቀመጠው ልጅ

ክረምቱ ወደ መውጫው ሲጠጋና ነሐሴ 13 ቀን ሲቀርብ በየቤቱ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ የዘንድሮው ሙልሙል ስንት ይሁን? የእኛ የዛሬው ቃል ግን ስለ ቍጥሩ አይደለም። ሙልሙሉ የተጋገረላቸው ልጆች ማለዳ በአንድነት ተሰብስበው ለቍርስ ሲቀመጡ፥ ከመካከላቸው ያንን ዳቦ ሊበላ የማይችል ልጅ ቢገኝ የቤቱ እመቤት ምን ሊያደርጉ ይገባቸዋል? ስለዚህ ነገር በዛሬው ዓምዳችን ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ቡሄ የምንለው የደብረ ታቦር በዓል ጌታችን በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት መታሰቢያ ነው። አባቶች እንደሚተርኩት በዚያ ሌሊት ብርሃኑ እንደ ቀን ስለ በራ፥ እረኞቹ ልጆች ገና አልመሸም ብለው ከመንጋቸው ጋር በውጭ ቈዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ፈለጓቸው። ችቦውም ሙልሙሉም ከዚህ የመጣ ነው ይባላል። ስለዚህ የቡሄ ዳቦ ከመሠረቱ የልጆች ዳቦ ነው። ለሹም ወይም ለእንግዳ ክብር ተጋግሮ የተረፈው ለልጆች የሚሰጥ አይደለም፤ አስቀድሞ ስለ እነርሱ የታሰበ፥ በእነርሱም ልክ ተድቦልቡሎ የተጋገረ ነው።

ልጆቹ ነሐሴ ሲገባ ጅራፋቸውን ገምደው ያጮኻሉ፤ በዋዜማው ማታም ችቦ ይበራል። አንዱ አውራጅ፥ ሌሎቹ ተቀባይ ሆነው ከደጅ ወደ ደጅ እየዘፈኑ ሙልሙል ይቀበላሉ። የክርስትና አባትም ለክርስትና ልጁ የሚሰጠው ሙልሙል አለው። ይህ ሁሉ ዳቦ በአንድ ከረጢት ይከማችና ልጆቹ በአንድነት ይካፈሉታል፤ ከእናቶቹም አንዷ ሻይ አፍልታ ቍርሱን ታሟላለች። ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ በላስታ አሸንድዬ፥ በዋግ ሻደይ፥ በራያ ቆቦ ሶለል ተብሎ የሚከበረው የልጃገረዶች በዓልም እንዲሁ በማኅበር የሚደረግ ስለ ሆነ፥ እዚህ የምንናገረው ለእነርሱም ቤት ይጠቅማል።

ምሳሌያችንን ከሐይቅ እናምጣ። የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተሁለደሬ ወረዳ ትገኛለች። ከከተማዪቱ አጠገብ ባለው ሐይቅ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተማሩበት፥ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። በዚሁ አገር የመስጊድ አዛንና የቤተ ክርስቲያን ደወል በአንድ ማለዳ ይሰማሉ። በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ አያቱ ሙስሊም፥ የልጅ ልጁ ክርስቲያን ሆኖ መገኘቱ ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ በመንደሩ ጅራፍ ሲጮኽ ወደ ደጅ የሚወጡት ልጆች ሁሉ የአንድ ጾም ልጆች አይደሉም።

የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያንስ ረመዳን በየዘመኑ ወሩን ይለውጣል። በ2003 ዓ.ም. የፍልሰታ ጾም በሙሉ በረመዳን ውስጥ ዋለ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ፥ እሑድ ነሐሴ 13 ቀን 2004 ዓ.ም. ቡሄና ኢድ አል ፈጥር በአንድ ቀን ተከበሩ። በእንዲህ ያለ ቀን አንዱ ልጅ ጾሙን ፈቶ ቅቤና ሥጋ ሲበላ፥ ጎረቤቱ ልጅ ገና በፍልሰታ ጾም ላይ ነው። ሁለቱን በአንድ ማእድ ማስቀመጥ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

የወሎ ሰው ግን ይህን ዕውቀት ከሩቅ አገር መማር አያስፈልገውም። በሠርግና በለቅሶ ጊዜ ክርስቲያኑ ባለቤት ለሙስሊም እንግዶቹ የሚሆነውን ከብት በሙስሊም እጅ ያሳርዳል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ድስቱም ወጥ ቤቱም ለብቻ ይሆናል። እንግዳው ይህ ሥጋ በማን እጅ ታረደ ብሎ ለመጠየቅ እስኪያፍር ድረስ አይጠበቅም፤ ባለቤቱ አስቀድሞ አስቦለታል። ለአዋቂ እንግዳ የተደረገው ይህ ጥንቃቄ ለልጅ ሲሆን ስለ ምን ይቀራል? የዛሬው ነገራችን ሁሉ በዚህ ይጠቃለላል። የልጆች ማእድ ሲሰናዳ ማሰብ የሚጀመረው ሁሉን ከሚበላው ልጅ ሳይሆን እጅግ ብዙ ከተከለከለው ልጅ ነው። ለእርሱ የሚሆነው ዳቦ የጋራ ዳቦ ይሁን፤ ሌላው ሁሉ በዚያ ላይ የሚጨመር ነው።

ብዙ ጊዜ የምናየው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ለሃያው ልጅ የሚሆን ይጋገርና ሃያ አንደኛው ልጅ ሲመጣ የቤቱ ሠራተኛ ወደ ጓዳ ገብታ ያገኘችውን በሌላ ሰሐን ታመጣለታለች። ሐሳቡ ቸርነት ነው፤ ልጁ ግን ከሰሐኑ አስቀድሞ የጓደኞቹን ዓይን ያያል። ሌሎቹ ከአንድ መሶብ ሲቈርሱ እርሱ ብቻውን ይበላል፤ አለዚያም ላለመለየት ብሎ የተከለከለውን ይበላና ማታ ይታመማል። ከሁለቱ የሚከፋው የትኛው እንደ ሆነ ለመፍረድ እንቸገራለን።

አሁን ወደ ዳቦው እንመለስ። ቡሄ በፍልሰታ ጾም መካከል ስለሚውል ሙልሙሉ የጾም ዳቦ ነው፤ ወተት፥ ቅቤ፥ ዕንቍላልም አይገባበትም። ይህ ለጾም የተደረገ ሥርዓት ሳናስበው ሦስት ወይም አራት ልጆችን በአንድ ጊዜ ያገለግላል። የሚጾመው ክርስቲያን ልጅ ይበላዋል። ሥጋና የእንስሳ ስብ ስለሌለበት ሙስሊሙ ልጅ በሥጋ ምክንያት የሚፈራው ነገር የለም። ወተት ሆዱን የሚያውከው ልጅና ዕንቍላል ሲቀምስ ሰውነቱ የሚያብጠውም ያለ ሥጋት ይካፈላሉ። እንግዲህ ከሁሉ የሚሰፋው ማእድ የጾም ማእድ መሆኑን እናስተውል።

ነገር ግን ሁለት ነገር መጠበቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፥ በጠላ አተላ ዳቦ የሚያቦካ ቤት ቢኖር ለዚህ ቀን ይተወው፤ ንጹሕ እርሾ ይበቃል። ሁለተኛ፥ ሙስሊም ወላጆች ለበዓል የተጋገረ ዳቦ ልጃቸው እንዲበላ ይፈቅዱ እንደ ሆነ እነርሱን መጠየቅ ይገባል። ከጎረቤቶች መካከል ደስ እያለው የሚፈቅድ አለ፤ የማይፈቅድም አለ። ለሁለቱም ክብር መስጠት ነው እንጂ ስለ እነርሱ ሆነን እኛ መፍረድ አይገባንም። እንዲሁም በዚያ ቀን የሚቈርቡ ሕፃናት ከቍርባን በፊት እህል ስለማይቀምሱ፥ ድርሻቸው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቈያቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ባዶ መሶብ አያግኙ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጭንቅ የስንዴው ነው። ስንዴና ገብስ የሚጎዱት ልጅ አለ ሲባል ብዙ ሰው አያምንም፤ ዳቦ እንዴት ሰውን ያሳምማል ይላል። የዚህ ሕመም ስም ሲሊያክ ነው። በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ነገር በእንዲህ ያለው ልጅ አንጀት ላይ ጕዳት ያመጣል፤ ከዚህም የተነሣ ልጁ የበላው ምግብ ለሰውነቱ አይደርሰውም። ሆዱ ይነፋል፥ ተቅማጥ ይመላለስበታል፥ ደሙ ያንሳል፥ ከእኩዮቹም በቁመትና በክብደት ወደ ኋላ ይቀራል። በአንዳንዱ ልጅ ላይ ግን ምልክቱ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ይኖራል።

ይህ ነገር የታወቀበት ታሪክ የሚያስደንቅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1944 እስከ 1945 ዓ.ም. በነበረው ክረምት በሆላንድ አገር ብርቱ ረኀብ ሆነ፤ ሰውም የቱሊፕ አበባ ሥር እስከ መብላት ደረሰ። ቪሌም ዲከ የሚባሉ የሕፃናት ሐኪም ግን በዚያ ጊዜ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። ሌላው ሕዝብ በረኀብ ሲመነምን ሆዳቸው ተነፍቶ የነበሩት በሽተኞች ሕፃናት ዳቦ በጠፋበት ወራት ተሻላቸው፤ ዳቦው ሲመለስ ሕመማቸው ተመለሰ። ሐኪሙ ከጦርነቱም በፊት ስንዴን ይጠረጥሩ ነበር፤ ጥናታቸውንም በ1950 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በጽሑፍ አወጡ። ከዚያ ወዲህ ስንዴና ገብስን ፈጽሞ መተው የዚህ ሕመም መድኃኒት ሆኖ ይኖራል።

ወሎም ረኀብን የሚያውቅ አገር ነው። የ1966ቱና የ1977ቱ ዘመን በሰው ልብ ውስጥ አለ። ከዚያ ዘመን የተረፈ አያት ወይም አያቱ የነገሩት አባት፥ ልጅ ዳቦ አልበላም ሲል ቢሰማ ጥጋብ ይመስለዋል፤ እህል አይናቅም ብሎም ይቈጣል። ቍጣው ትክክለኛ ምንጭ አለው፤ ስለዚህ ልንነቅፈው አንፈልግም። ግን ልጁ እህልን አልናቀም፤ እህሉ ነው ያልተስማማው። ከቍጣው ይልቅ የሚያስፈራው ደግሞ ጕርሻው ነው። ጕርሻ በአገራችን የፍቅር ምልክት ስለ ሆነ የጎረሰው ልጅ እምቢ ለማለት ያፍራል። ስለዚህ በልጆች ማእድ ላይ የሚገኙ አዋቂዎች ሁሉ አስቀድሞ ይነገራቸው፤ የልጁን ወላጅ ሳይጠይቁ ማንንም አያጕርሱ።

እግዚአብሔር ይመስገን፥ ለዚህ ችግር መልሱ በእጃችን አለ። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ማሽላ፥ ዳጕሳ፥ በቈሎና ሩዝም እንዲሁ ናቸው። ሌላው ዓለም ስንዴ ለማይበላ ሰው የሚሆን ዱቄት ሲፈልግ የደረሰበት ጤፍ ከእኛ ጎተራ ያለ ነው። ጤፍ ከስንዴ ይልቅ ዋጋው ከበድ ያለበት ቤት ግማሹን በማሽላ ዱቄት ቢተካ አይጎዳውም። አጃ ግን ከስንዴና ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገኝ ለዚህ ልጅ አይታመንም። በሶ፥ ጭኮ፥ የገብስ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎና የስንዴ ቅንጬ ሁሉ ለእርሱ የተከለከሉ መሆናቸውንም እናስታውስ።

ጤፍ ብሎ መግዛት ብቻውን ግን አይበቃም። ወፍጮው ከጤፉ በፊት ስንዴ ፈጭቶ እንደ ሆነ በድንጋዩ ላይ የቀረው ዱቄት ከጤፉ ጋር ይወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያውን አንድ ወይም ሁለት ኪሎ የጤፍ ዱቄት ለብቻ አስቀምጦ ለሌላው ቤተ ሰብ እንጀራ ማድረግ፥ ከዚያ በኋላ የሚወጣውን ለልጁ መያዝ ጕዳቱን ይቀንሳል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ ማግኘት ነው። ከጎረቤት የሚመጣ እርሾም ገብስ ከተቀላቀለበት ሊጥ የተገኘ ሊሆን ይችላል፤ እርሾው ከጤፍ ብቻ በቤት የተነሣ ይሁን። ወንፊቱ፥ ቡሃቃውና የምጣዱ ማሰሻም የስንዴ ዱቄት ያልነካቸው ይሁኑ።

እንግዲህ ለ20 ልጆች የሚሆነውን የጤፍ ሙልሙል አሠራር እንናገር። አንድ ኪሎ ተኩል የጤፍ ዱቄት ከአንድ ሊትር ተኩል ያህል ውሃና ከጤፍ እርሾ ጋር አቡክቶ ሁለት ቀን ማቈየት ነው። በሦስተኛው ቀን ከላይ የጠለለው ውሃ ይደፋል። ከሊጡ ሁለት ብርጭቆ ያህል ተወስዶ በሁለት ብርጭቆ የፈላ ውሃ ውስጥ እየተማሰለ እስኪወፍር ድረስ ይበስላል፤ ይህም አብሲቱ ነው፤ ሲበርድ ወደ ሊጡ ይመለሳል። አራት የሾርባ ማንኪያ የተቈላና የተወቀጠ ተልባ በአንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ተበጥብጦ እንደ ዕንቍላል ነጭ እስኪወፍር ይቈይና ይጨመራል። ስንዴ ሊጡን የሚያያይዘው በግሉተኑ ነው፤ ጤፍ ይህ ስለሌለው ተልባውና አብሲቱ በእርሱ ፈንታ ያያይዙታል። ከዚህ በኋላ አንድ ማንኪያ ተኩል ጨው፥ ሊጡም ከእንጀራ ሊጥ ጠንከር እስኪል ድረስ ጥቂት እፍኝ የጤፍ ወይም የበቈሎ ዱቄት ይጨመርበታል። ከማንኪያ ላይ በራሱ የማይፈስ ሲሆን ደርሷል። አንድ ሰዓት ያህል ይረፍ።

የኮባ ቅጠል እንደ መዳፍ ተቈርጦ በጥቂት የኑግ ዘይት ይቀባል። ሊጡ በላዩ ላይ በእርጥብ እጅ ሞላላ ሆኖ ይደረግና መካከለኛ እሳት ባለው ምጣድ ላይ ተከድኖ ሩብ ሰዓት ያህል ይቈያል፤ ከዚያም አንድ ጊዜ ተገልብጦ አምስት ደቂቃ ይጨመርለታል። የጤፍ ዳቦ እንደ ስንዴ ዳቦ ከፍ ብሎ አይነሣም፤ ይህን የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ጠፍጠፍ ብሎ፥ ውስጡ እርጥብ፥ ጠርዙ ደረቅ ያለ ይሆናል። በቶሎ ስለሚደርቅም በዋዜማው ማታ ተጋግሮ በኮባው እንደ ተጠቀለለ ማሳደር ይሻላል።

የስንዴው ሙልሙል አይቅር፤ የቡሄ ልጅ ከእርሱ ውጭ በዓል ያለ አይመስለውም። ለእርሱ ሁለት ኪሎ ዱቄት፥ አንድ ሊትር ሩብ ያህል ለብ ያለ ውሃ፥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፥ ሁለት ማንኪያ ጨው፥ አንድ ማንኪያ ጥቍር አዝሙድና አንድ የቡና ስኒ የኑግ ዘይት በቂ ነው። በደንብ ታሽቶ እጥፍ እስኪሆን ይቈይና በሃያ ተከፍሎ ይድቦለቦላል፥ ጥቂት አርፎም ይጋገራል። ነገር ግን የሥራውን ተራ ጠብቁ። የጤፉ አስቀድሞ ተጋግሮ፥ ተሸፍኖ፥ ከጓዳው ከወጣ በኋላ ነው የስንዴው ዱቄት የሚከፈተው። የስንዴ ዱቄት እንደ አቧራ ተነሥቶ በሁሉ ላይ ያርፋልና።

በማለዳውም የሁለቱ ዳቦ ቦታ ይለይ። ልጆቹ ክብ ሠርተው ሲቀመጡ በመካከላቸው የሚቀርበው መሶብ የጤፉ ይሁን፤ ሁሉም ከእርሱ ይቍረሱ። የስንዴው ደግሞ በስንብት ጊዜ በደጅ ለየራሳቸው የሚሰጥና ወደ ቤት የሚወስዱት ስጦታ ይሁን። ስንዴ ለማይበላው ልጅም በዚያው ጊዜ ሌላ የጤፍ ሙልሙል በኮባ ተጠቅልሎ ይሰጠው፤ እጁን ባዶ አድርጎ አይመለስ። እንዲህ ሲሆን በጋራው ማእድ ላይ የተለየ ልጅ የለም፤ ከልማዱም የጎደለ የለም። ልጆቹ ከየቤቱ የሰበሰቡት ዳቦ ያለበት ከረጢት ግን ከጤፉ መሶብ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ የፍርፋሪው ነገር ቀላል አይደለም።

ከዳቦው ጋር የሚቀርበውንም እንመልከት። ሻይ፥ የተቀቀለ ድንች፥ ሙዝና የሱፍ ውሃ ብዙውን ልጅ ይስማማሉ። ማር የልጆች ደስታ ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ፈጽሞ አይሰጥም፤ ሕፃኑን የሚያሽመደምድ መርዝ የሚያመነጭ ተሐዋስ በማር ውስጥ ሊኖር ይችላልና። ለውዝና ሰሊጥ ለአንዳንድ ልጅ ብርቱ አለርጂ ስለሚያመጡ ከጋራው ማእድ ቢቀሩ ይሻላል፤ ዘይቱም የኑግ ወይም የሱፍ ብቻ መሆኑን አረጋግጡ። ደረቅ ቆሎና ለውዝ ዕድሜው ከአራት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ጕሮሮን የሚዘጉ በመሆናቸው አይሰጡ። በጾም ማለዳ የሚወደደው የባቄላ ፉልም ከትውልድ የሚወረስ የደም ጕድለት ላለበት ልጅ፥ ይልቁንም ለወንዶች፥ ደምን የሚያፈርስ ነው፤ ከባቄላ በኋላ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ወይም ሽንቱ የጠቈረ ልጅ ቢኖር ያለ ሐኪም ፈቃድ ደግሞ አይብላ። ወተት የሚጠጡ ሕፃናት ወተታቸውን በቤታቸው ይጠጡ፤ በዚህ ማእድ ላይ ቢቀርብ ማኅበሩን ይከፍለዋል።

የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ከዳቦው አይከልከል። ለእርሱ ዋናው ነገር የመብያው ሰዓትና የዳቦው ልክ ነው። ኢንሱሊን ተወግቶ ቍርሱ ቢዘገይ አደጋ አለው፤ ቢንቀጠቀጥ፥ ቢያልበው ወይም ቃሉ ቢደናገር በቶሎ ስኳር የገባበት ውሃ ወይም ሻይ ይሰጠው። ይህንን እናቱ ብቻ ሳይሆን የማእዱ ባለቤትም ትወቀው።

ከበዓሉ ሁለት ወይም ሦስት ቀን አስቀድሞ ለእያንዳንዱ ልጅ ወላጅ አራት ጥያቄ ልኮ መልሱን በወረቀት መጻፍ ብዙ ጭንቀት ያስቀራል። ልጁ የሚጾመው ምንድን ነው? በቤታችሁ የማይበላ ነገር ምን አለ? በልቶት የታመመበት ምግብ አለ ወይ፥ ቢታመምስ ምን ሆነ? የሚወስደው መድኃኒት አለ ወይ? ወረቀቱም የሚጋግረው ሰው ዘንድ ይሁን፤ በእመቤቲቱ ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ምንም አይረዳም። ማንበብ የማይችል ሠራተኛ ቢሆን ይነበብለት፥ መልሶም ይናገር።

ስለ አለርጂ አንድ ነገር እናጥብቅ። ልጅ ከበላ በኋላ በጥቂት ደቂቃ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ገላው ሽፍ ቢል፥ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ቢያብጥ፥ ደጋግሞ ቢያስታውከው፥ ይልቁንም ትንፋሹ ቢያጥር፥ በቤት መድኃኒት ጊዜ ሳይባክን ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ደግሞም በጥርጣሬ ብቻ ልጅን ከብዙ ምግብ መከልከል ራሱ ጕዳት ነው። ሲሊያክ ነው ብሎ የሚጠረጥር ወላጅ ስንዴውን ከመተዉ በፊት ልጁን ያስመርምር፤ አስቀድሞ ከተተወ በኋላ ምርመራው እውነቱን ላያሳይ ይችላልና።

በመጨረሻም ስለ አውራጁ ልጅ እናንሣ። ዳቦውን ለጓደኞቹ የሚያካፍለው እርሱ ነው፤ በዚያ ማለዳ የማኅበሩ ዳኛ ነው ማለት ይቻላል። ጥሩ ዳኛ ድርሻውን ከመቍረሱ በፊት የእያንዳንዱን ነገር ይሰማል። ይህን ልጅ ወደ ጎን ጠርቶ፥ እገሌ ስንዴ አይበላም፥ እገሌ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለስ ድርሻው ይቈየው፥ ማንንም በግድ አታብላ ብሎ መንገር ከብዙ ተግሣጽ ይበልጣል። ልጆች እንዲህ ያለውን ሲነግሯቸው በኵራት ይጠብቁታል። ከሃያ ዓመት በኋላም ያ ልጅ በሠርግ ቤት ወይም በሹመት ወንበር ሲቀመጥ፥ ማእድ ከመቅረቡ አስቀድሞ ማን መብላት አይችልም ብሎ የመጠየቅ ልማድ አብሮት ያድጋል።

ስለዚህ የቤት ባለቤቶች ሁሉ፥ ለዘንድሮው ቡሄ ስንት ሙልሙል ይሁን ብላችሁ ከመቍጠራችሁ በፊት ለማን ይሁን ብላችሁ እንድትጠይቁ እናሳስባለን። ጤፉ ሁለት ቀን ስለሚቦካ ነሐሴ 10 ቀን ይቡካ።